«ካርዱስ?»፦ በድሬዳዋ ገጠር የፍየል ድጋፍ ፈላጊ ያጣበት ምክንያት

መነሻ

አንድ የእርዳታ ድርጅት በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ለ60 ድሃ ቤተሰቦች ሦስት ሦስት እንስት ፍየል ለመስጠት ተነሣ። ድጋፉ ከነፃ የሚቆጠር ነበር፤ ተቀባዩ የሚጠበቅበት በሁለት ዓመት ውስጥ 2 እንስት ግልገል ለቀጣዩ ተረኛ ማስተላለፍ ብቻ ነው። በቀበሌው ፍየል የማያውቅም ሆነ የማይፈልግ ሰው የለም። ሦስት ሳምንት በፈጀው ምዝገባ ግን የመጡት 17 ቤተሰቦች ብቻ ሆኑ፤ ከእነሱም 6ቱ ተመልሰው ስማቸውን አሠረዙ።

ድርጅቱ ለበላይ ቢሮው በላከው ሪፖርት ምክንያቱን «የግንዛቤ ማነስ» ብሎ አስቀመጠው። በልማት ሥራ ውስጥ ይህን ያህል ብዙ ጊዜ የሚጻፍ፣ ይህን ያህልም ጥቂት ነገር የሚናገር ሐረግ ማግኘት ይከብዳል። ሰዉ መልእክቱን አልሰማም ከተባለ መፍትሔው ድምፅን ከፍ ማድረግ ይሆናል፤ የተደረገውም ይኸው ነው። ከታች የሰፈረው፣ ምርመራው የት ላይ እንደሳተ፣ ከዚያ ምን እንደተደረገና ከተደረገውም የትኛው እንደያዘ ነው። ቀበሌው፣ ድርጅቱና ሰዎቹ በስም አልተጠቀሱም።

ቦታውና ሰዉ

የድሬዳዋ 38 የገጠር ቀበሌዎች በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ ክላስተሮች የተደለደሉ ናቸው። በደቡብ፣ ወደ ደንገጎ በሚወጣው ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ ማሽላ ይዘራል፣ ውኃ በተገኘበት ጫትና አትክልት ይለማል። ወደ ሰሜን ሲወረድ ቆላው ይሰፋል፤ ኑሮው ፍየልና ግመል ነው። ጉዳዩ የተከሰተበት ቀበሌ ሁለቱ በሚገናኙበት አካባቢ ስለሆነ፣ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ መንደሮችና ሶማልኛ የሚናገሩ መንደሮች ጎን ለጎን አሉበት።

አማርኛ እዚያ የቢሮና የከተማ ቋንቋ ነው። ወተትና ማገዶ ይዘው ወደ ከተማው ከፊራ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች የገበያ አማርኛ አያጡም። ዋጋ ይከራከሩበታል፣ ሒሳብ ይተሳሰቡበታል፣ ሲያስፈልግም ይሳደቡበታል። ግልገል ለተረኛ እንደማስተላለፍ ላለው አሠራር የሚሰጠውን «ተዘዋዋሪ ፈንድ» የሚል ስም ለመረዳት ግን አይበቃም፤ እውነት ለመናገር፣ አማርኛ አፉን የፈታበትም ሰው ቢሆን ሐረጉን በአንድ ጊዜ አይረዳውም።

ሴፍቲኔቱና የቤት ውስጥ ሒሳቡ

ይህን ክፍል የዘለለ አንባቢ ቀሪው አይገባውም። ምርታማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረሪ ከጀማሪዎቹ መካከል ነበሩ። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ አባሉ በወር 5 ቀን እርከን፣ ክትርና መንገድ ይሠራል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 6 ወራት ይከናወናል። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ ለዚያ የሚሆን ብር ይከፈላል። ይህን የሚያስገኘው በቤተሰቡ ስም የተሰጠ ካርድ ነው።

አምስት ሰው የተመዘገበበት ቤት በወር 75 ኪሎ፣ በ6 ወር 450 ኪሎ ያገኛል። አራት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። አሁን ፍየሎቹን እንያቸው። ፍየል 5 ወር ትረግዛለች። ዛሬ የተሰጠችውን ወጠጤ ቶሎ ቢያገኛት እንኳ፣ ወልዳ ግልገሏ ለገበያ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ይሄዳል። ዝናብ ቢቀር፣ በሽታ ቢገባ፣ ሦስቱም ሊያልቁ ይችላሉ። በአንድ ወገን በየዓመቱ የሚመጣ 4 ኩንታል ተኩል፣ በሌላ ወገን ሊሞቱ የሚችሉ ሦስት ፍየሎች አሉ። ሁለቱ አብረው የሚሰጡ ከሆነ ደስ ይላል። አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ከሆነ ግን ማንኛዋም እናት የትኛውን እንደምትመርጥ ለመገመት ሥልጠና አያስፈልግም። በመንደሩ ሴቶች ዘንድ ይዞር የነበረው ንግግር ባጭሩ «ፍየል ይሞታል፣ ካርድ አይሞትም» የሚል ነበር።

ድርጅቱ ይህን ሒሳብ አልሠራውም። ፍየሉን ከባዶ እጅ ጋር አነጻጸረ፤ ሰዉ ደግሞ ከካርዱ ጋር።

የመጀመሪያው ዙር

ስብሰባው የተጠራው በቀበሌው ሊቀመንበር በኩል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። የሐረርጌን ውሎ ለሚያውቅ ሰዓቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ወንዶቹ ከዙሁር (የቀትር) ሶላት በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ የሚቀመጡበት፣ ከተማ የወረዱት ሴቶች ደግሞ ገና በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆነው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። የመጡት በአብዛኛው የቀበሌ ኮሚቴ አባላት፣ ጎረቤቶቻቸውና ሥራ የፈቱ ወጣቶች ነበሩ።

ንግግሩ በአማርኛ ሆኖ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሱ ነበር። የ20 ደቂቃው ንግግር ሲተረጎም 5 ደቂቃ ሆነ። ወደ ሶማልኛ የመለሰ አልነበረም። በትርጉሙ ላይ አንድ ቃል ተበላሸ፦ «ተመላሽ የሚሆኑ 2 ግልገሎች» የተባለው «ሊቂ» ተብሎ ተተረጎመ፤ ይህም ብድር ማለት ነው። ብድር ከተባለ ወለድ ይኖራል ብሎ መጠርጠር፣ ወለድ ካለ ደግሞ በሃይማኖት ክልክል ነው ብሎ መራቅ ተከተለ። በአካባቢው ግን የምትታለብ እንስሳ ለተቸገረ ዘመድ ሰጥቶ ግልገሉን መካፈል የኖረ ልማድ ነው። የድርጅቱን ሐሳብ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አልነበረም፤ የተጠቀመበት ግን የለም።

በመጨረሻ ጥያቄ ተጋበዘ። አንድ ሽማግሌ ፍየሉን የወሰደ ሰው የሴፍቲኔት ካርዱ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ከድርጅቱ የተሰጠው መልስ ጉዳዩ የእነሱ ስላልሆነ የሚመለከተው ቢሮ ይጠየቅ የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት አልነበረም። ካርዱን የመስጠትም የመንጠቅም ሥልጣን የድርጅቱ አይደለምና። ማታውኑ በየመንደሩ የደረሰው ግን «ካርዱን እንጃ አሉ» ሆኖ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል ስብሰባ ሰዉ ይዞ የሄደው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ፖስተሩ

ምዝገባው ሲቀዘቅዝ 200 ፖስተር ታተመ። በግራ በኩል የሣር ጎጆና ከሲታ ሴት፣ በቀኝ በኩል አዲስ የቆርቆሮ ቤት፣ አምስት የሰቡ ፍየሎችና ፈገግ ያለች ሴት፤ በመካከላቸው ቀስት። ከሥር በአማርኛ «ከድህነት እንላቀቅ!» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ለቢሮ ሰው ግልጽ ነው። ለመንደሩ ሰውም ግልጽ ነበር፤ መልእክቱ ግን ሌላ ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ በሚለይበት ጊዜ በየቤቱ የሚታየው ሀብት ነው፤ እንስሳ ይቆጠራል፣ መሬት ይጠየቃል፣ ጣሪያም ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የቀኙ ሥዕል የተነበበው «ፍየል ወሰደች፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራች፣ ካርዷን ተቀማች» ተብሎ ነው። ከተመዘገቡት መካከል ስድስቱ ስማቸውን ያሠረዙት ፖስተሩ በተለጠፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር።

ሥዕሉን ከመታተሙ በፊት ለአምስት ሴቶች አሳይቶ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ያልተለጠፉት 140ዎቹ ፖስተሮች ጀርባቸው ነጭ ስለነበር በኋላ የክትባት መመዝገቢያ ሆኑ።

«መመረቅ» የሚባለው ቃል

ከሴፍቲኔት መውጣት በፕሮግራሙ ቋንቋ «መመረቅ» ይባላል። ቃሉ ሲመረጥ ታስቦ የነበረው ተማሪ ጨርሶ የሚወጣበት ደስታ ሳይሆን አይቀርም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ግን ምርቃት መጀመሪያ የሽማግሌ ቡራኬ ነው። በቡራኬ ስም እህል ማጣት ለሰዉ የመረረ ቀልድ ሆኖበት ነበር። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ቃሉ ከጫቱ ምርቃና ጋር ስለሚቀራረብ፣ ወጣቶቹ «እገሌ በበርጫ፣ እገሌ በሴፍቲኔት ተመረቀ» እያሉ ይሳለቁበት ነበር። የድርጅቱ ሠራተኞች በየስብሰባው «እናንተን ለማስመረቅ ነው የመጣነው» ሲሉ፣ አድማጩ የሚሰማው «ከዝርዝሩ ልናወጣችሁ ነው የመጣነው» የሚለውን ነበር።

ስሕተቱን የሚያከፋው፣ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አለመሆኑ ነው። በአጎራባች ቀበሌ ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ፕሮጀክት በግ የተቀበሉ ቤተሰቦች በተከታዩ የልየታ ዙር ከዝርዝር ወጥተው ነበር። ያ የሆነው በጎቹን ስለተቀበሉ ብቻ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት ማንም አላስረዳቸውም። ድርጅቱ «ሐሰተኛ ወሬ» ብሎ የመዘገበው ነገር ትዝታ ነበር።

ማዳመጥ

በታኅሣሥ ወር ሜጋፎኑ ተቀመጠ። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ሁለት የመስክ ሠራተኞች፣ አንዷ አፋን ኦሮሞ አንዱ ሶማልኛ ተናጋሪ፣ ለ11 ቀናት በየመንደሩ ዞሩ። የመመዝገቢያ ቅጽ እንዳይዙ፣ የድርጅቱን ሰደሪያ እንዳይለብሱ፣ በላንድክሩዘር እንዳይሄዱ ተወሰነ። ስለ ፍየሉ ድጋፍ ያውቁ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሁልጊዜ መልሱ «አዎ» ነው። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ስለ ፍየሉ መጀመሪያ ከማን ሰማችሁ? ምን ብሎ ነገራችሁ? እሱ ከነገራችሁ በኋላስ ለማን ነገራችሁ?

የሰሙትን የሚያሰፍሩበት ባለ አምስት ዓምድ ደብተር ነበራቸው። ዓምዶቹ ቀን፣ ቦታ፣ የተነገረው ቃል በተነገረበት ቋንቋ፣ ስንተኛ ጊዜ እንደተሰማ፣ መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ይይዛሉ። አምስተኛው ዓምድ ነው ሥራውን የሠራው። ከተመዘገቡት 41 ጥያቄዎች 23ቱ ካርዱን የሚመለከቱ ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ድርጅቱ ብቻውን ሊመልስ አይችልም። ቀጥሎ የመጣው «ፍየሏ ብትሞት እከፍላለሁ ወይ?» ሲሆን፣ ሦስተኛው «ስም የጻፈው ማነው?» የሚል ነበር። ስለ አመጋገብ፣ ስለ በረት አሠራርና ስለ ወተት ንጽሕና የጠየቀ ሰው የለም፤ የድርጅቱ የሥልጠና ሰነድ ግን በእነዚህ የተሞላ ነበር።

ወሬው የሚሄድበት መንገድም ታወቀ። ለሴቶች ዋናው ቦታ ቦኖው ዘንድ ያለው የጀሪካን ሰልፍና ከከፊራ መመለሻው አይሱዙ ነው። ለወንዶች በርጫና ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ የሚገኙበት አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ የሴፍቲኔቱ የሥራ ቦታ፣ በምሳ እረፍት ሰዓት።

ደብዳቤው

የመጀመሪያው እርምጃ ሥልጣን ካለው ቢሮ በጽሑፍ የተደገፈ መልስ ማግኘት ነበር። ድርጅቱ የፈለገው «ፍየል የተቀበለ ሰው ከሴፍቲኔት አይወጣም» የሚል አጭር ቃል ነው። ቢሮው ይህን ሊፈርም አልቻለም፤ ልክም ነበር። በየጊዜው የሚደረገውን ልየታ አስቀድሞ በደብዳቤ መሻር አይቻልም። ምልልሱ 5 ሳምንት ወሰደ። በመጨረሻ የተገኘው ደብዳቤ አራት ነገር ይል ነበር፦

1. ፍየል መቀበል ብቻውን ከዝርዝር የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም።
2. እስከሚቀጥለው ልየታ ድረስ ማንም በፍየሉ ምክንያት ካርዱን አይነጠቅም።
3. በልየታው ጊዜ ፍየሎቹ እንደማንኛውም ንብረት ይቆጠራሉ፤ ሀብቱ ያደገ ሊወጣ ይችላል።
4. ቅር የተሰኘ ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፤ ኮሚቴው ዝርዝሩን ከሚያወጣው ግብረ ኃይል የተለየ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ክርክር አስነሣ። ከድርጅቱ ሠራተኞች ገሚሱ እንዲቀር፣ ወይም ቢያንስ ሲነበብ እንዲታለፍ ፈልገው ነበር፤ ምዝገባውን ያፈርሰዋል ብለው ፈሩ። እንዲነበብ ተወስኖ ሲነበብ ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ሰዉ ያመነው እንዲያውም በሦስተኛው ነጥብ ምክንያት ነው። «ምንም አይነካችሁም» ብሎ የመጣ ብዙ ሰው አይተዋል፤ «ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ግን መቼና እንዴት እንደሆነ ይኸው» ብሎ የመጣ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። በዚያው ዕለት አንድ ሽማግሌ በስንት ፍየል «ሀብታም» እንደሚባል ጠየቁ። የቢሮው ሰው ቁጥሩ በፍየል ብቻ እንደማይወሰን፣ መሬትና ሌላ ገቢም አብሮ እንደሚታይ በምሳሌ አስረዱ። ይህ ውይይት ብቻውን አንድ ሰዓት ወሰደ፤ ከዚያ በፊት በተደረጉት ስብሰባዎች በጠቅላላ ከተባለው ይልቅ የሚጠቅም ሰዓት ነበር።

ደብዳቤውን ያነበበው ድርጅቱ ሳይሆን የቢሮው ሰው ራሱ ነው። የተነበበውም በየካቲት፣ በእርከን ሥራው ቦታ፣ በምሳ እረፍት፣ በሁለቱም ቋንቋ ነው። ግልባጩ ለጃርሳ ቢያዎች (ለኦሮሞዎቹ የአገር ሽማግሌዎች)፣ ለሶማሌዎቹ ሽማግሌዎችና ለመስጊዱ ተሰጠ። በአማርኛና በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) የተጻፈ ወረቀት መለጠፉ ግን ብዙ አልጠቀመም። በዕድሜ ከገፉት ወንዶች ፊደል ያወቁት በቁርኣን ቤት ስለሆነ ዐረብኛውን ይለያሉ እንጂ ሳባውንም ላቲኑንም አያነቡም። ይህ ከታወቀ በኋላ ወረቀት ማባዛቱ ቀርቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ተመረጠ፤ በሦስት የሥራ ቦታዎች፣ በአጠቃላይ ሰባት ጊዜ።

ንግግሩ ያለበት ቦታ መሄድ

ሴቶቹ ወንዶች ባሉበት እንደማይጠይቁ በመጀመሪያው ንባብ ታየ። ስለዚህ ሴቷ የመስክ ሠራተኛ ከንባቡ በኋላ ቦኖው ዘንድ ትቀመጥ ጀመር። ጀሪካን ተራ እስኪደርሰው የሚጠበቀው ጊዜ ለማንም ስብሰባ ከሚሰጠው ይረዝማል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት እናት ያነሡት ጥያቄ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ አልነበረም፦ ባላቸው ሁለት ሚስት አላቸው፤ ሦስቱ ፍየሎች የሚመዘገቡት በማን ስም ነው? የድርጅቱ ቅጽ «የቤተሰብ ኃላፊ» ይል ነበርና ሁለተኛዋ ሚስት የትም አልነበረችም። ቅጹ ተቀየረ፤ የራሷ ምድጃ ያላት እናት እንደ ራሷ ቤት ተቆጠረች። ይህ ለውጥ ብቻውን 8 ቤተሰቦችን ወደ ምዝገባው አመጣ።

ሶማልኛ ተናጋሪው ወጣት ዘዴ ሌላ ነበር። ሽማግሌዎቹን «አዴር» (አጎቴ) እያለ እየጠራ ከሥራቸው ይቀመጣል፤ ስለ ግጦሽና ስለ ዝናብ ወሬ ይሰማል፣ ያየውንም ይናገራል፤ ስለ ፍየሉ የሚያነሣው እነሱ ካነሡት ብቻ ነው። ለአንድ መንደር ሁለት ጠዋት ይፈጅበት ስለነበር በዕለታዊ ሪፖርቱ ላይ «የተሠራ ሥራ» የሚለው ቦታ ባዶ ይታይ ነበር። አለቃው ይህን እንዲቀበሉ ማድረግም ራሱን የቻለ ድርድር ነበር።

ከዚህ ጋር የ4 ደቂቃ ድምፅ በሁለቱ ቋንቋ ተቀረጸ። በጥያቄና መልስ መልክ ሆኖ ጠያቂዋ የመንደሩ ሴት ናት። ይዘቱ አራቱ የደብዳቤው ነጥቦችና የሞት ጉዳይ ነው፦ ፍየል ከሞተች በ3 ቀን ውስጥ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይነገራል፣ የጆሮ ምልክቷና ቆዳዋ ይታያል፣ ከዚያ የግልገል ዕዳው ይቀራል። «ሊቂ» የሚለው ቃል ከቀረጻው ወጥቶ በምትኩ የቆየው ለዘመድ እንስሳ የመስጠት ልማድ ተጠቀሰ። ድምፁ በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ በርጫ ላይ ደጋግሞ ተሰማ። ሴቶች ዘንድ ግን እምብዛም አልደረሰም፤ ስልኩ ያለው በወንዶቹ እጅ ነውና።

የፍየሉ ግዢ

በመጀመሪያው ዕቅድ ፍየሎቹ በጨረታ ተገዝተው በጭነት መኪና ይመጡ ነበር። ደብተሩ ላይ ደጋግሞ የመጣው ጥርጣሬ፣ ነጋዴው ያረጀና የታመመ ያመጣል የሚል ስለነበር ግዢው ተቀየረ። እያንዳንዱ ተቀባይ በአካባቢው ገበያ ራሱ እንዲመርጥ፣ ድርጅቱ እዚያው እንዲከፍል ሆነ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ጥርስ፣ ጡትና ሰኮና ያያል። ተቀባዩ ደግሞ ባለሙያው የማያየውን ያያል፤ እናቷን የሚያውቃት ፍየል ካገኘ አይለቃትም። ለደስታ መሰል በሽታ ከተከተቡ በኋላ ከነባር መንጋ ጋር ሳይቀላቀሉ 14 ቀን እንዲቆዩ ተደረገ።

ለአንድ ፍየል የተመደበው ብር በሥራ ቦታው ላይ በይፋ ተነገረ። ይህ ጥርጣሬን ቀነሰ፤ ችግርም ወለደ። ክፍያው በድርጅቱ የውስጥ አሠራር ተጓትቶ ሐምሌ ገባ። የዚያ ዓመት ዐረፋ ነሐሴ 5 ቀን ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከዐረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት የእርድ ፍላጎት ዋጋ ያንራል። በይፋ በተነገረው ብር ሦስት ቀርቶ ሁለት ፍየል መግዛት አቃተ። ወዲያው «ቀሪውን ማን በላው?» ተባለ። ግዢው ከበዓሉ በኋላ እንዲሆን ተወስኖ ምክንያቱ በዚያው ቀንና በዚያው ቦታ ተነገረ፤ ግን ጠብ ሊነሣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሂጅራውን (የእስልምናውን) የቀን መቁጠሪያ የግዢ ዕቅዱ ውስጥ ያስገባ አልነበረም። የረመዳኑ ወር፣ ከሚያዝያ 28 እስከ ግንቦት 26፣ እንኳ የታሰበው ለከሰዓት ስብሰባ ሰው ሲጠፋ ነው።

ያልሠሩት

በሬዲዮ ለስምንት ሳምንት የተላለፈው ፕሮግራም በቀበሌው ሲጠየቅ ሰምቶታል የተባለ ጥቂት ነው፤ የሰሙትም የጠየቁት «የኛን ቀበሌ ጠራ?» ብለው ነበር። አልጠራም። ሬዲዮ ስለ በሽታ ወረርሽኝ ወይም ስለ ጎርፍ ለሁሉም የሚሆን ነገር ሲነግር ዋጋ አለው፤ «እኔ ካርዴን አጣለሁ ወይ?» ለሚል ሰው ግን መልስ አይሆንም።

የነፃ ስልክ መስመሩ በስድስት ወር 9 ጥሪ አስተናገደ፤ 7ቱ ከሌላ ቀበሌ «ለኛስ መቼ ነው?» የሚሉ ነበሩ። የአስተያየት ሣጥኑ ሲከፈት አንድ ደብዳቤ ተገኘ፤ የጻፉት የትምህርት ቤቱ መምህር ናቸው፣ አስተያየታቸውም ሣጥኑ ከቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ በር ላይ እንዲነሣ ነበር።

ውጤት

በሰኔ መጨረሻ የተመዘገቡት 54 ደረሱ፤ ሁሉም ከዐረፋ በኋላ ፍየል ተቀበሉ። በቀጣዩ ልየታ ከ54ቱ 4 ከሴፍቲኔት ዝርዝር ወጡ። ሦስቱ ለቅሬታ ሰሚው አመለከቱ፣ ሁለቱ ተመለሱ። አቤቱታውን ያቀረቡት የደብዳቤውን አራተኛ ነጥብ በቃላቸው እየጠቀሱ ነበር። ቀደም ሲል በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እምብዛም አልነበረም። በአንጻሩ ስድስቱ ቦታዎች እስከ መጨረሻው አልሞሉም፤ ከነዚያ ቤቶች የአራቱ ሰዎች ምክንያታቸውን ሲናገሩ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ እንደሌላቸው ገለጹ። ይህ በየትኛውም ንግግር የሚፈታ አይደለም፤ ምናልባት ሌላ ዓይነት ድጋፍ ይሻላቸው ነበር።

ለሌላ ቦታ የሚወሰደው

በመጀመሪያ መሠራት ያለበት የቤት ሒሳቡ ነው። አዲሱ ድጋፍ ቤተሰቡ አሁን ከያዘው ነገር ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል? ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌ የሚሄድ ማንኛውም ፕሮጀክት፣ ፍየል ይሁን ንብ ወይም የቁጠባ ቡድን፣ «ካርዱስ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ሳይሆን መልሱን ይዞ መግባት አለበት። መልሱ ሥልጣን ካለው ቢሮ ለመምጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ ከምዝገባ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ መጀመር ያዋጣል። የተገኘው መልስ ከተፈለገው ቢደክምም እንዳለ ይነበብ። ደስ የማይለው ነጥብ ከወጣ፣ በተከታዩ ልየታ ድርጅቱ ዋሽቶ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድርጅትም በዚያው ይጠረጠራል።

ትርጉም በስብሰባው ላይ የሚፈጠር ነገር መሆን የለበትም። በፕሮጀክቱ ውስጥ ከአሥር የማይበልጡ ወሳኝ ቃላት አሉ፤ ተመላሽ፣ መመረቅ፣ ተጠቃሚ፣ የቤተሰብ ኃላፊ የመሳሰሉት። እነዚህን ከሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ጋር ቁጭ ብሎ አስቀድሞ መወሰን፣ ከዚያም ተርጓሚው የተናገረውን ሌላ ሰው ወደ አማርኛ እንዲመልሰው ማድረግ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። «ሊቂ» የተባለው ያኔውኑ ይያዝ ነበር።

ደብተሩ ከምዝገባ በኋላም መቀጠል አለበት። እዚህ ቀበሌ ለአራት ወር ተቋርጦ ነበር፤ ሁሉ ነገር ተሳክቷል ተብሎ። ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው ከሁለተኛ ተረኞች የመጣ ጥያቄ ነው፦ የወለደችው ሁለቴም ወንድ ከሆነ እኛ የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው? ደብዳቤው ስለዚህ ምንም አይልም፣ ቅጹም አይልም። አምስተኛው ዓምድ ላይ፣ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በሚጻፍበት ቦታ፣ በዚህ ጊዜ የሰፈረው የድርጅቱ የራሱ ስም ነው።